ሹፌሩን ማን አስተማረው?

አንድ የአውቶቡስ ሹፌሮችን የሚያሠለጥኑ አዛውንት ነበሩ። ስማቸው ተካልኝ ነው፤ የከተማው ሰው ግን «መምህር» ብሎ ነበር የሚጠራቸው። ጉልበታቸውን የጨረሱት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ነው። ዕድሜ ሲጫናቸው መሪውን ለሌላ ለቀው፣ ከከተማው ዳር ባለች አነስተኛ ማሠልጠኛ የሕዝብ መኪና መንዳት የሚፈልጉትን ማስተማር ጀመሩ።

ከተማይቱ የተቆረቆረችው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከእሷ የሚነሳ አውቶቡስ ሁሉ ረጅም ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ወንዙን ይሻገራል፤ ከዚያ ማዶ ወዳለው ትልቁ ገበያ ይወጣል። በመንገዱ ዳርና ዳር እግረኛው፣ አህያ ነጂው፣ ሸክም ያለባት ሴት አይታጡም።

መምህር ተካልኝ ቁጡ ነበሩ። ጎማ ሳይመለከት መኪና ላይ የወጣን ሠልጣኝ ያወርዱታል። መስታወት ሳያይ የተነሳን ሞተር ያስጠፉታል። አንዳንዴ ሠልጣኙን ከተሳፋሪ ወንበር ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ይነዱና ድንገት ፍሬን ይረግጣሉ። ሰውየው ግንባሩ ከፊቱ ካለው ወንበር ሲጋጭ፣ «አየህ? ሹፌር ሲሳሳት የሚመታው ማን እንደሆነ ዕወቅ!» ይሉታል።

ከሠልጣኞቻቸው መካከል ልየው የሚባል ወጣት ነበር። ያደገው መናኸሪያ ውስጥ ነው። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እየወጣ ዕቃ ይጭናል፣ ያወርዳል፤ በዚያችው ገቢ እናቱን ይጦራል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፦ ጣሪያውን ትቶ መሪ መጨበጥ። ለዚህ ብሎ ቀን ሲሸከም ይውልና፣ ማሠልጠኛው የሚከፈትበት ሰዓት ሲደርስ ላቡን ታጥቦ ይመጣል። ይሁን እንጂ መምህሩ ቶሎ መሪ አላስጨበጡትም። ጎማ ሲያስፈትሹት፣ የሞተር ዘይት ሲያስለኩት፣ መኪናው ሥር እየገባ የፍሬን ቱቦ ሲያስዳብሱት ጊዜው ነጎደ። በመጨረሻ ልየው አላስችል አለውና፣

«መምህር፣ መንዳት የሚያስተምሩን መቼ ነው?» አላቸው።

«ወደ ታች መሮጥማ ድንጋይም ይችላል፤» አሉት። «እኔ የማስተምርህ መቆም ነው።»

አስተማሩትም። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሶ፣ መኪናውን ፍሬን ብቻ ሳይሆን ሞተሩም እንዲይዘው አድርጎ ቀስ ብሎ መውረድን ተማረ። ኩርባ ላይ ከፊቱ የሚመጣውን ካላየ ሌላ መኪና ደርቦ እንዳይቀድም ተማረ። በመንገድ ዳር የሚሄድ እግረኛ ከኋላው የሚመጣውን መኪና እንደማያይ፣ ስለዚህ ሹፌሩ ለሁለቱም ማየት እንዳለበት ተማረ። በፈተናው ቀን ፈታኞቹ ቁልቁለቱን አስወርደው አስወጡት፤ አንድም ስህተት አላገኙበትም። መንጃ ፈቃዱን ሲቀበል እናቱ እልል አለች። እኒያ ቁጡ መምህር ሳይቀሩ ትከሻውን መታ አድርገው፣ «እኔ ራሴ ተሳፍሬ እንቅልፍ የምተኛበት ሹፌር ነህ፤» አሉት። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

ልየው አቶ ዋሴ የሚባሉ የአንድ አውቶቡስ ባለቤት ዘንድ ተቀጠረ። በመጀመሪያው ቀን አውቶቡሱ በገበያተኛ ሞልቶ ተነሳ። ቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርስ ልየው እንደተማረው ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ አውቶቡሱም እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ።

ብዙም አልቆየ፣ ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ።

«ሹፌር! ምን ሆነሃል? አስከሬን ነው እንዴ የጫንከው?»

ይህን ያለው ዘርጋው የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ።

«ቁልቁለት ነው ወንድሜ፤ በደህና ላድርሳችሁ ብዬ ነው፤» አለ ልየው በመስታወቱ እያየው።

«ጀማሪ ነው! ጀማሪ ነው!» አለ ሌላው።

ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ስንቄም ከመካከል ሆነው፣ «ኧረ ልጄ፣ ቅቤዬ ቀልጦ ሊያልቅ ነው! በእግሬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር፤» አሉ። ሕዝቡ እንደገና ሳቀ።

በዚህ መሐል ሌላ አውቶቡስ ጡሩንባውን እያንባረቀ ከኋላቸው መጣና፣ ኩርባው ላይ ደርቦ አልፏቸው ሄደ። ሹፌሩን የመናኸሪያ ሰው «ነፋሱ» ይለዋል። የልየው ተሳፋሪዎች ሲያልፍ እያዩት፣ «ሹፌርማ ያ ነው!» አሉ። አንድም ሰው «ይህ እብድ ሊገድለን ነው» አላለም። እስቲ ልብ በሉ! ነፍሳቸውን የሚጠብቅላቸውን ይሰድባሉ፤ በነፍሳቸው የሚቆምረውን ያወድሳሉ።

በማግስቱም ያው ነበር። በሦስተኛውም ቀን ያው። ማርሽ በቀነሰ ቁጥር ያፏጩበታል፤ እግረኛ ሊያሳልፍ በቆመ ቁጥር «ለአህያም ቁምላት!» ይሉታል። ቀስ በቀስ ተሳፋሪው «የዔሊው መኪና» የሚል ስም አወጣለትና፣ የነፋሱ አውቶቡስ ሞልቶ ሲሄድ የልየው ግማሽ ወንበሩ ባዶውን ይወርድ ጀመር።

አቶ ዋሴ ጠሩት። ብልህ ሰው ናቸው፤ በኋላ ሊያስጠይቃቸው የሚችል ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

«ልየው፣ እኔ ፍጠን አልልህም፤» አሉት። «ፍጠን ብዬህ አውቃለሁ?»

«ኧረ አያውቁም፣ ጋሼ።»

«ጎሽ። ግን ባዶ ወንበር የሚያመላልስ ሹፌር አያስፈልገኝም። የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ።»

ልየው ተጨንቆ ወደ መምህሩ ሄደ። መምህር ተካልኝ መኪና ሥር ተኝተው ለሠልጣኞች ፍሬን ያሳዩ ነበር። ብድግ ሳይሉ ሰሙትና፣ «ጆሮህን ድፈነዋ! እኔ ያሳየሁህን ብቻ አድርግ፤» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ልየውም ወደ መናኸሪያው ተመለሰ።

አንድ ጠዋት ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ፉጨቱ ገና ሳይጀምር፣ ልየው ማርሹን ሳይቀንስ ቀረ። አውቶቡሱ ተንደረደረ። የመጀመሪያውን ኩርባ በጎማ ጩኸት ዞረው። እጁ ወደ ማርሹ ሊሄድ ነበር። በዚያች ቅጽበት ከኋላው ጭብጨባ ሰማ።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ ወይዘሮ ስንቄ። «አሁን ገና ሹፌር ሆንክ!»

ዘርጋውም ከመቀመጫው ተነስቶ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እጁ መሪው ላይ እንዳለ ቀረ። ያ ሁሉ ወር የተማረው ትምህርት በአንዲት ጭብጨባ ተናደ።

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ሞላ። አቶ ዋሴ ሲያገኙት ፈገግ ይላሉ። «ዔሊው» ተረሳና ሕዝቡ አዲስ ስም አወጣለት፤ «ነበልባሉ» አሉት። ኩርባ ላይ መቅደም ለመደ። እግረኛን በጡሩንባ ማባረር ለመደ። መጀመሪያ ላይ ሲያደርገው ይፈራ ነበር፤ ኋላ ፍርሃቱም ለቀቀው።

የገበያ ቀን ነበር። ቁልቁለቱ መካከል ላይ አንድ እህል የጫነ የጭነት መኪና ከፊቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ኩርባው ቅርብ ነው፤ ከማዶ የሚመጣው አይታይም። ልየው ለትንሽ ጊዜ ከኋላው ተከተለ። የተማረውን ያኔም አልረሳውም ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ዘርጋው። «እለፈው እንጂ!»

«እለፈው! እለፈው!» አሉ ሌሎችም። አንዷ ድምፅ ብቻ፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት፣ «ኧረ ተውት ይጠብቅ» ብላ ነበር፤ «ከፈራሽ ውረጂ!» ብለው ዝም አሰኟት።

ልየው አለፈው። ኩርባው ላይ ከታች የሚመጣ መኪና ፊት ለፊት ተጋፈጠው። ከእሱ ለመሸሽ መሪውን ወደ መንገዱ ዳር ጠመዘዘ። አውቶቡሱ ከተራራው ግድግዳ ጋር ተላትሞ ተጋድሞ ቆመ። መስታወት ረገፈ፤ ዘርጋው ክንዱ ተሰበረ፤ ሌሎችም ተፈነከቱ፣ ተጫጫሩ። ሁሉም ግን በሕይወት ወጡ።

የሞተችው አውቶቡሱ ውስጥ አልነበረችም። አውቶቡሱ ወደ ዳር ሲወጣ የገጫት ትሁኔ የምትባል ሴት ናት። በገበያ ቀን ሁሉ ጌሾ ተሸክማ በዚያ መንገድ ዳር ትወርዳለች። ለመኪና ከፍላ አታውቅም፤ ማንንም ፍጠንልኝ ብላ አታውቅም። በእግሯ፣ በልኳ፣ በዳሩ ትሄድ ነበር። የቸኮሉት ሁሉ ተረፉ፤ ያልቸኮለችው ሞተች።

ያን ጊዜ ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከአውቶቡሱ የወጡት ሰዎች ልየውን ከሹፌር ወንበሩ ጎትተው አወጡትና ይደበድቡት ጀመር። «ነፍሰ ገዳይ!» ይሉታል። ትናንት ያጨበጨቡለት እጆች ናቸው ዛሬ የሚመቱት። ፖሊስ ደርሶ ባያስጥለው በዚያው ይቀር ነበር።

መምህር ተካልኝ እስር ቤት ሄደው ጠየቁት። ፊቱ አባብጧል።

«መምህር፣ የነገሩኝን ሁሉ አውቀው ነበር፤» አለ ልየው።

«አውቃለሁ።»

«ድምፁ በዛብኝ።»

መምህሩ ያን ቀን መኪና ሥር ተኝተው «ጆሮህን ድፈነው» ብለው የመለሱት ትዝ አላቸው። ሲወጡ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር።

ከተማው በዚህ አላበቃም። «ማሠልጠኛው ይዘጋልን» የሚል አቤቱታ ተነሳና በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ዘርጋው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ተነሳ።

«ጥያቄያችን አጭር ነው፤» አለ። «ይህንን ሰው ማነው ያስተማረው? ምን ብሎ ነው ያስተማረው? ያልበሰለ ሹፌር አውጥቶ ሕዝብ የሚያስጨርስ ትምህርት ቤት ለምን አይዘጋም?»

አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ ዋሴም ከፊት ወንበር ሆነው አጨበጨቡ።

መምህር ተካልኝ ተነሱ። እንደዚያ ሲቆጡ ሠልጣኞቻቸው እንኳን አይተዋቸው አያውቁም።

«ማን አስተማረው ነው የምትሉት? እኔ አስተማርኩት። ማርሽ ቀንስ፣ ቁም፣ ጠብቅ፣ እግረኛ አሳልፍ ብዬ አስተማርኩት። ተምሮም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እናንተ ተረከባችሁት። ሲቀንስ አፏጫችሁበት፤ ሲቆም ሰደባችሁት፤ ሲያብድ አጨበጨባችሁለት። እኔ ያስተማርኩት ጥቂት ወር ነው፤ እናንተ በየቀኑ ስታስተምሩት ከረማችሁ። አሁን ሹፌሩ የማን ተማሪ ነው?»

«ታዲያ ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም ልትሉን ነው?» አለ ዘርጋው።

«ነው እንጂ! መሪው በእጁ ነበር፤ ለእጁ ይጠየቃል፤ እየተጠየቀም ነው። እንቢ ማለት ነበረበት። ለአፋችሁ የሚጠየቀው ግን ማነው? ‹እለፈው› ያለው አንደበት የት ታሰረ?»

አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። «ብዙ ነበርን፤ አንድ ሰው አይደለም ያለው፤» አለ አንድ ድምፅ ከጥግ።

በዚህ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የነበረ አንድ ገበሬ ተነሳ። አዱኛ ይባላል፤ የሟቿ ባል ነው። ራሱን ለሐዘን ተላጭቷል።

«እኔ መኪና አላውቅም፤» አለ። «ትምህርት ቤቱ ይዘጋ አይዘጋ አልልም። እንድትነግሩኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ዕለት ያስቸኮላችሁ ጉዳይ ምን ነበር?»

ዘርጋው የታሰረ ክንዱን ያስተካክል ጀመር።

«እባካችሁ ንገሩኝ፤» አለ አዱኛ። «ለልጆቿ የምነግራቸው ነገር እፈልጋለሁ። ‹እናታችሁ የሞተችው ሰዎች ለእንዲህ ያለ ትልቅ ጉዳይ ሲቸኩሉ ነው› እንድላቸው።»

ዘርጋው ሱቁን ቀድሞ ሊከፍት ነበር። ወይዘሮ ስንቄ ጥሩ ቦታ ሊይዙ ነበር። ሌላው ደግሞ የቸኮለበትን ራሱም አያስታውሰውም፤ ሌላው ሲጮህ አብሮ ጮኸ እንጂ። ይህንን በሟቿ ባል ፊት ማን ይናገር? አዱኛ ሁሉንም በተራ ሲያያቸው ቆይቶ መልስ ሲያጣ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ስብሰባው በዚያው ተበተነ፤ ማሠልጠኛውም አልተዘጋም።

መምህር ተካልኝ ግን በዚህ አልተዉአቸውም። ከሰነበቱ በኋላ በየቤታቸው እየዞሩ ለመኗቸው። «አንድ ቀን የማሠልጠኛው አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩልኝ። ሠልጣኞቼ ጩኸት እየሰሙ መንዳት መልመድ አለባቸው። እኔ እጃቸውን እንጂ ጆሯቸውን አላስተማርኩም ነበር፤ ጉድለቴ እሱ ነው። ለልየው እንደጮኻችሁ ጩኹልኝ።»

እንቢ ማለት አፈሩና መጡ። ዘርጋው መጣ፤ ወይዘሮ ስንቄ መጡ፤ ሌሎችም መጡ። መሪውን የያዘችው እታፈራሁ የምትባል ሠልጣኝ ናት። ቁልቁለቱ አፋፍ ስትደርስ ማርሽ ቀነሰች። አውቶቡሱ ቀስ እያለ ወረደ።

«በሉ፤» አሉ መምህሩ። «ጩኹ!»

ዝም።

«ምነው? ቃሉ ጠፋችሁ? ‹አስከሬን ነው እንዴ የጫንከው› አልነበረም የምትሉት? በል እንጂ ዘርጋው!»

ዘርጋው አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ስንቄ አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ጫን አደረጉት። አውቶቡሱ ትሁኔ የሞተችበት ኩርባ ጋ ሲደርስ ውስጡ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ያኔ ማንም ሳይለምናችሁ ጮኻችሁ!» አሉ መምህሩ። «ዛሬ ስለምናችሁ አፋችሁ ተለጎመ! እንግዲያው ነውር እንደሆነ ታውቁ ነበር ማለት ነው!»

እታፈራሁ ማርሿን እንደቀነሰች ኩርባውን ዞረች፤ ቅጠል ተሸክመው ለሚወርዱ ሴቶች ቆማ አሳለፈቻቸው፤ ወንዙ ድረስ በደህና አደረሰቻቸው።

ሁሉም ነገር ከዚያ በኋላ ተስተካከለ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ውሸት ይሆናል። ልየው የተፈረደበትን እየጨረሰ ነው፤ እናቱ ስንቅ ታመላልሳለች። የትሁኔ ልጆች ያለ እናት ያድጋሉ። አቶ ዋሴ ሌላ ሹፌር ቀጥረው፣ «እኔ ፍጠን አልልህም» ብለውታል። የነፋሱ አውቶቡስም እስከ ዛሬ ከሌላው ቀድሞ ይሞላል። የሚሞላው ደግሞ ከሰማይ በሚወርድ ፍጡር አይደለም፤ በእኔና በእናንተ ነው።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር እንዲህ ነው። ሹፌርን ማሠልጠኛ ብቻ አያሠለጥነውም፤ ከኋላው የተቀመጠው ሕዝብም ያሠለጥነዋል። ሹፌሩ ብቻ አይደለም፤ ዳኛውም፣ ሐኪሙም፣ ግንበኛውም እንደዚሁ ነው። ሥራውን በደንብ የሚሠራውን «ዘገምተኛ» እያልን እናሳቅቀዋለን፤ በአቋራጭ የሚሄደውን «ጎበዝ» እያልን እናሞግሰዋለን፤ ጥፋቱ ሲመጣ ግን «ማን አስተማረው?» ብለን እንጮኻለን። ጥፋት የሠራ ይጠየቅ፤ ያጨበጨበለትም ለራሱ ሕሊና ይመልስ።

ነገ ጠዋት አውቶቡስ ትሳፈሩ ይሆናል። ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ይቀንስ ይሆናል። ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው?